ሴትየዋን የት አደረጋችኋት?

ቅዳሜ ጠዋት ቶናዋን ልጠጣ እጄን ስዘረጋ ሲኒዋ ረከቦቱ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። መጀመሪያ የደነገጥኩት ለእጄ ነው። አንስቼ አየሁት፤ ለሰባ ስድስት ዓመት እጅ ጨዋ ነው፣ ጸጥ ብሏል። ሲኒዋ ግን አላቆመችም። እንግዲያው ልጄ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ምንጣፍ ከታ ወደ ሥራዋ ሄዳለች ማለት ነው አልኩ። አምና እንደዚያ አድርጋ ማሽኑ ከግድግዳው ተላቆ በገዛ እግሩ በሩ ጋ ደርሶ ነበር የተገኘው። ምርኩዜን ይዤ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ምድር ቤት ወረድኩ።

ማሽኑ አይደለም። የልጅ ልጄ ናት። ከላይ የዩኒቨርሲቲዋ ስም ያለበት ሹራብ፣ ከታች የመኝታ ሱሪ ለብሳለች። መሃል ወገቧ ላይ ሳንቲም የተንዠረገገበት ሻሽ ሸብ አድርጋለች፤ በተነቃነቀች ቁጥር እንደ ታክሲ ረዳት ኪስ ትንቃጨላለች። ቤቱን የሚንጠው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ድምፅ ማጉያ ነው። የሻይ ብርጭቆ ያክላል፤ ጉልበቱን ግን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቤሊ ዳንስ ነው፣ አባባ። ሞደርን።»

«ያመመሽ መስሎኝ ነው።»

«እየተማርኩ እኮ ነው! ነግሬህ ነበር።»

(አንተ ማለቷ ከድፍረት አይደለም። እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆነንም፤ አንቱ ያለን ሰው ገንዘብ ሊበደር ነው ብለን ነው የምንጠረጥረው። ይህችን ከኔ ወርሳለች። ሌላውን ከማን እንደወረሰችው እያጣራሁ ነው።)

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ቨርጂኒያ ያለችው። ድሬ ላለችው እህቴ መጀመሪያ በስልክ ስነግራት «እስክንድርያ? ድሮ ጳጳስ ይመጣልን የነበረበት?» ብላ እልል አለች። አይደለም ብል አልሰማችኝም። ጳጳሱ ቀርቶ ከግብጽ በኩል ቤቴ ድረስ የመጣልኝ ይሄ ሆነ።

የዳንሱ ስምም ቢሆን የባለቤቶቹ አይደለም። ዓረቦቹ «ራቅስ ሸርቂ» ነው የሚሉት፤ የምሥራቅ ጭፈራ ማለት ነው። ሆድን ያነሳው ሰው የለም። በ1893 ቺካጎ ላይ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲደረግ «የካይሮ ጎዳና» የሚባል ሠርተው ዳንሰኞች አመጡ፤ አሜሪካ ያን ጊዜ ያየችው ሆዱን ብቻ ሆነና «የሆድ ዳንስ» አለችው፣ ስሙም በዚያው ጸና። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር ነው የምጽፈው። እኔ ራሴ የልደት ዘመኔ በኛ ቁጥር እንዳለ ተጽፎብኝ በወረቀት ስምንት ዓመት አርጅቼ ነው እዚህ አገር የገባሁት፤ ለምጄዋለሁ።) እኔ የሐረርጌ ሰው ነኝ፤ ሸጎዬ አውቃለሁ፣ እስክስታም አውቃለሁ። እኛ ጋ የሚጨፍረው ትከሻ ነው፣ አንገት ነው፣ እግር ነው። ሆድ የራሱ ሥራ አለው፤ እንጀራ ይፈጫል።

እንዲህ ልላት አፌን ስከፍት ግን ከዱብዱብታው ሥር አንድ ነገር ጆሮዬ ገባ። ቫዮሊኖች ናቸው። ብዙ ሆነው አንድ ላይ ቀና ይላሉ፣ አንድ ላይ ጎንበስ ይላሉ። ጉልበቴ ራሱ አወቃቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ኢንታ ዑምሪ ነው። የኡም ኩልሱም ኢንታ ዑምሪ! እዚህ፣ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ።

ያደግኩት መጋላ ነው። ድሬ ማታ ሙቀቱ ሰውን ከቤቱ ያባርረዋል፤ አልጋችንን ደጅ አውጥተን ነበር የምንተኛው። ከበራችን ፊት ለፊት የአንድ የየመን ዓረብ ሱቅ ነበር። ሰውየው ከትምህርት ቤት መልስ እቃ ያስነሳኝ ነበርና ዓረብኛውን ከሱ ነው የለቀምኩት። በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ ካይሮ ላይ ኡም ኩልሱም ትዘፍናለች፤ ሬዲዮው ያን ያስተላልፋል። ያን ማታ ሱቁ ክፍት ነው፣ ግን አይሸጥም። የስሙኒ ስኳር ብሎ የሚመጣ ሁሉ የሚያገኘው ጣት ነው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አያይህም፤ ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፣ አለቀ። ጣቱ እስኪወርድ ቆመህ ትጠብቃለህ። እሷ አንዷን ስንኝ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ትመላልሳታለች። በእያንዳንዱ ጊዜ ያችው ቃል ሌላ ቃል ትሆናለች፤ አንዴ ልመና፣ አንዴ ቁጣ፣ አንዴ ደግሞ ተስፋ የቆረጠች ሴት ለራሷ የምታወራው። ካይሮ ያለው ሕዝብ ይጮኻል፣ ድሬ ያለው ባለሱቅ ዓይኑን ጨፍኖ «አላህ!» ይላል፣ ስኳሩ ሚዛን ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1964 ሐሙስ ነበር። ኢንታ ዑምሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማችው ያን ማታ ነው። ዜማውን የሠራው ሙሐመድ ዓብደል ወሃብ ነው። ሁለቱ ያን ያህል ዘመን በአንድ ከተማ ሲዘፍኑ ኖረው ያን ቀን ነው መጀመሪያ አብረው የሠሩት፤ ዓረቦቹ የደመናዎች መገናኘት ብለው ያወሩለታል። እኔ ስኳር ተልኬ ቆሜአለሁ። መግቢያው ብቻ፣ ሴትየዋ አፏን ሳትከፍት፣ አንድ ሰው እንጀራ ጋግሮ የሚያወጣበትን ጊዜ ወሰደ። እናቴ የት ሄደ ብላ ዱላ ይዛ መጣች። መጥታ ጣቱን አየች፣ እሷም ቆመች። ዓረብኛ አንድ ቃል አታውቅም። ስኳሩን ይዘን ስንመለስ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ተኝቶ ነበር።

እና ምድር ቤት ደረጃው ላይ ምርኩዜን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ለመጠበቅ ተዘጋጀሁ። እኔ የመጠበቅ ሰው ነኝ፤ አሥር ደቂቃ ይሁን፣ ሃያ ይሁን፣ ችግር የለብኝም።

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ጎረምሳ በዓረብኛ መጮህ ጀመረ። አልዘፈነም፤ በሩን ሰብሮ ገብቶ የሚነዘንዝ ደላላ ነው የሚመስለው። ቫዮሊኖቹ ደንግጠው ጠፉ።

«ሴትየዋስ?» አልኩ።

«የቷ ሴትዮ?»

«የዘፈኑ ባለቤት ናታ!»

«አለች፣ አባባ። ጠብቅ… ይኸውልህ!»

እውነትም አለች። እንደ ስቅታ ሦስት ጊዜ ህቅ አስደረጓትና መልሰው ወሰዷት። ከዚያ ጎረምሳው ቀጠለ። ሰዓቴን አየሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ሦስት ደቂቃ! በሦስት ደቂቃ የዓረቡ ባለሱቅ መነጽሩን ጠርጎ አይጨርስም።

የልጅ ልጄ ጎኔ ተቀመጠችና በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ እነሱ ሽማግሌን የሚያስረዱበት ድምፅ አላቸው፣ ባንክ ቤት እንዳለው መልስ ሰጪ መሣሪያ። የሚያንቀጠቅጠው «ኤይት ኦ ኤይት» ይባላል አለችኝ። ጃፓኖቹ በ1980 ያወጡት የከበሮ ማሽን ነው፤ በ1983 መሥራቱን አቆሙ፤ ኒውዮርክና አትላንታ ያሉ የሂፕ ሆፕ ልጆች ግን ድምፁን እስከዛሬ አልለቀቁትም። እንግዲህ በቁጥር የሚጠራ ከበሮ ነው። የኛ ከበሮ ቆዳ አለው፣ ቆዳው በሬ ነበረ፣ በሬው ስም ነበረው። ይሄኛው 808 ነው፤ የእስር ቤት ቁጥር።

ደግሞ ሐቁን መደበቅ አልወድም። ከሥሩ ምቱ አለ። መቅሱም ይሉታል ዓረቦቹ፤ ዱም ታክ፣ ታክ ዱም ታክ። ባለሱቁ በብስኩት ቆርቆሮው ላይ ይመታት የነበረችው ናት፤ ካይሮም ሠርግ ላይ እሷ ናት፣ የተማሩት ዳንሰኞችም መጀመሪያ የሚቆጥሩት እሷን ነው። አልሞተችም። ግን ሱቅ ፊት ኤንትሬ ሲቆም ሱቁ ይታያል? አለ ማለት አንድ ነገር ነው፣ መታየት ሌላ ነው። ስትጠጋ፣ ጆሮህን ስታስጠጋ፣ ከመኪናው ጎማ ሥር ሻጩ ስኳር ሲመዝን ይሰማሃል። እሷን ለመስማት እኔ የመስሚያ መሣሪያዬን ባትሪ መቀየር ነበረብኝ።

«ንጹሕ የሚባል ነገር የለም፣ አባባ» አለችኝ ልጅቷ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የከፈልነው ገንዘብ ሁሉ በላዬ ላይ ፈሰሰ። አንተ የድሮ የምትለው ዳንስ ራሱ የመድረክ ፈጠራ ነው አለች። በዲዓ መሳብኒ የምትባል ከሻም የመጣች ሴት በ1926 ካይሮ ውስጥ የጭፈራ ቤት ከፍታ ነው ዳንሰኞቹን ከሠርግ ቤት ወለል አንስታ መድረክ ላይ ያወጣቻቸው፤ ክንድ ዘርጉ፣ መድረኩን ሙሉ ያለቻቸው እሷ ናት። እዚያ ያደገችው ዳንሰኛዋ ታሂያ ካሪዮካ ደግሞ፣ ይሄ ካሪዮካ የሚለው ስሟ የብራዚል ዳንስ ነው፤ በሆሊውድ ፊልም በኩል ካይሮ የደረሰ። አንተ የምታለቅስላት ኢንታ ዑምሪስ ብትሆን ኤሌክትሪክ ጊታር የለባትም?

አለባት። ምን ላድርግ፣ አለባት። ዓብደል ወሃብ ነው ያስገባው፤ ያን ጊዜም ያጉረመረመ አልጠፋም።

«እሱ ግን አንኳኩቶ ነው የገባው» አልኳት። መልስ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ ግን መልስ መሰለ።

ወደ ሌላ ነገር ላዙራት ብዬ ሌላ ዘፈን ክፈቺ አልኳት። ከፈተች። ዋሽንት ነው፤ አራት ድምፅ ወጣችና የግብጹ ዘፋኝ ዓብደል ሐሊም ሐፊዝ ሊመጣ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ፤ በ1957 የዘፈነው፣ በሊግ ሐምዲ የደረሰው ዜማ ነው። የመጣው ራፐሩ ጄይ ዚ ነው። ይሄኛው ጉድ ደግሞ ታሪክ አለው፣ ታሪኩም ሙግት ነው። ቲምባላንድ የሚባለው አቀናባሪ በ1999 ዋሽንቷን ወሰደ። በኋላ ባለቤት እንዳላት ሲነገረው በ2001 ለአንድ ኩባንያ መቶ ሺህ ዶላር ከፈለ። የሟቹ የበሊግ ሐምዲ የወንድም ይሁን የእህት ልጅ ብቻ አንድ ዘመድ ተነሳና በ2007 ካሊፎርኒያ ከሰሰ። መቶ ሺህ ዶላሩ ዘፈኑን ለማጫወት ይበቃ ይሆናል፤ ዜማውን እንዲህ ቆርጦ፣ አጎቴ በሕይወት ቢኖር በማይፈቅደው ቃል ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል ነው ክርክሩ። እኛ በአንድ ክንድ ወሰን ሦስት ትውልድ የምንካሰስ ሕዝብ ነንና ወዲያው ገባኝ፤ ሰውየውን ወደድኩት። ስምንት ዓመት ተመላለሰ። በ2015 ዳኛዋ «አንተ መክሰስ አትችልም፤ መብቱን አስቀድመህ አስተላልፈሃል» ብላ አሰናበተችው። ይግባኝ አለ፤ በ2018 ያው ተባለ። ለአራት የዋሽንት ድምፅ አሥራ አንድ ዓመት! ልጅቷ ይህን ስነግራት «ያሳዝናል» ብላ በዘፈኑ ወገቧን ስምንት ቁጥር መጻፍ ቀጠለች።

ከሁሉ የከፋኝ ግን ድምፁ ነው። ጎረምሶቹ በጉሮሯቸው አይዘፍኑም። «ኦቶቲውን» የሚባል ነገር አለ፤ የተሳሳተ ድምፅ ሲያገኝ ጎትቶ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይከታል። የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል ሰው ነው፤ የቀድሞ ሥራው ነዳጅ ፍለጋ ነበር። መሬት ሥር ማዕበል ልኮ የተመለሰውን በስሌት እየመረመረ ዘይት የት እንዳለ ማወቅ። ያንኑ ዓይነት ስሌት በ1997 ወደ ሰው ጉሮሮ አዞረው። የዓረብን ምድር ለዘይት ቆፍረው ቆፍረው ሲበቃቸው ጉሮሮው ቀረ አሉ። ነገሩ ምንድን ነው፣ የዓረብ ዜማ በፒያኖው ነጭና ጥቁር መካከል የሚኖሩ ድምፆች አሉት። ሩብ ናቸው፤ ለባዕድ ጆሮ የተሳሳቱ ይመስላሉ። ሆድ የሚያባቡት እነሱ ናቸው፤ እኛም ጋ አንቺ ሆዬን በፒያኖ ብቻ የለመደ ሰው መሰንቆው ላይ ሲሰማት የሆነ ነገር ይነካዋል፣ ምን እንደሆነ አያውቅም። ማሽኑ ያን ሩብ ሲያገኝ ስህተት ነው ብሎ ጎትቶ ያቃናዋል። ልጅቷ «ማስተካከያ አለው እኮ» ትላለች። ከሳሽ በሌለበት ለሚፈርድ ዳኛ ማስተካከያው ምን ይሠራል?

ይሄ ሁሉ ሆኖ ዝም ባልኩ ነበር። ዝም ያላስባለኝ የትምህርት ቤታቸው ዝግጅት ነው። ሐፍላ ይሉታል፤ በዓረብኛ ድግስ ነው። አስተማሪዋ የኦሃዮ ሴት ናት፤ ደግ ሰው ናት፣ የመድረክ ስም አላት፣ ትርጉሙ ጨረቃ ነው። ስምንት ሆነው ሊያቀርቡ ነው፤ ሰማያዊ ጨርቅ ይዘው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ፈገግ እያሉ፣ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው ወደ ተመልካቹ ይዘረጋሉ። ልምምዱን እንዳይ ልጅቷ ወሰደችኝ። ዘፈኑ መሕረጋናት ከሚባለው ነው። ካይሮ ዳርቻ፣ ሰላም ከተማ በሚባለው የድሆች ሰፈር፣ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ የተጀመረ ነው፤ ለሠርግ ሙሉ ባንድ ለመክፈል አቅም ያነሰው ሰው አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሚጮህ ልጅ ይዞ ሠርጉን ሠረገ፤ ነገሩ ከዚያ ወጣ።

የኔ ዓረብኛ የሱቅ ዓረብኛ ነው። ስኳር፣ ላምባ፣ ዱቤ፣ የትናንቱን ሳትከፍል፣ አታለልከኝ። ለኡም ኩልሱም ቅኔ በቅቶኝ አያውቅም። ለዚህ ዘፈን ግን፣ ሲገርም፣ ከበቂ በላይ ሆነ። ልጁ የሚጮኸው ስለ ከዳው ጓደኛው ነው። ገንዘብ እያለኝ ነበርክ፣ ስቸገር የለህም፣ ላግኝህ ብቻ! እያለ ነው። እና ስምንት ሴቶች ይህን ዛቻ በሰማያዊ ጨርቅ እያራገቡ፣ በዓይን እየጠቀሱ፣ ፍቅር ነው ብለው ይሽከረከራሉ። አንድ ግብጻዊ ተመልካች ቢገኝ ለፖሊስ ይደውላል።

ሳቅሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ጨረቃ ለምን እንደሳቅሁ ጠየቀች፣ ልጅቷ ነገረቻት፣ ሴትየዋ ቀላች። ጥሩ ሰው ናት አላልኩም? «ቃሉን ሳላውቅ ማስጨፈር አልነበረብኝም» አለች። ማታውኑ ወደ ስልኬ አሥራ አንድ ዘፈን ተላከ፤ አቶ እገሌ እባክዎ ይፈትሹልን።

ያለ ደመወዝ ሳንሱር ሆንኩ። በአገሬ በዘመነ ደርግ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ቢሮና ማኅተም ነበራቸው፤ እኔ ያለኝ የልጅ ልጄ ሮዝ የጆሮ ማዳመጫና የቤት ወጪ መመዝገቢያ ደብተር ነው። ሽንኩርትና ወተት ከተመዘገበበት ገጽ ጀርባ ጻፍኩ። አንደኛው፦ የከዳ ጓደኛ። ሁለተኛው፦ የከዳ ጓደኛ፣ ሌላ። ሦስተኛው፦ ባለሦስት እግር ባጃጅ፤ ጥሩ ነው፣ ለምን በሱ እንደሚጨፈር አይገባኝም። አራተኛው፦ የጎረቤት ልጅ ፍቅር፤ እሰየው ብዬ ሳልጨርስ አረቄና ሐሺሽ መጣ።

ይህች አራተኛዋ ታሪኳ ብቻውን ደብተር ይፈልጋል። ሐሰን ሻኩሽና ዑመር ካማል የሚባሉ ልጆች በፌብሩዋሪ 2020 ካይሮ ስታዲየም ውስጥ ያን የአረቄና የሐሺሽ ስንኝ ሲዘፍኑ አገሩ ታመሰ። ብዙም ሳይቆይ የግብጽ ሙዚቀኞች ማኅበር የያኔው ሊቀ መንበር ሃኒ ሻኪር፣ ራሱ የፍቅር ዘፋኝ የሆነው፣ መሕረጋናት የሚባል መድረክ ላይ እንዳይደርስ ብሎ አገደ። ይህን ሳነብ አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በዓለም ላይ ብቻዬን አለመሆኔን አወቅሁ። በበነጋው ግን ልጅቷ ቁጥሩን አሳየችኝ፤ ዘፈኑ በኢንተርኔት የታየበት ቁጥር ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ይበልጣል። እንግዲህ ደጅ የተዘጋበት ዘፈን በመስኮት ሲገባ በበሩ ከሚገባው የበለጠ ጎረቤት ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ባልናገር እመርጥ ነበር። በሰባዎቹ፣ ሃያ ምናምን ዓመቴ ሳለ፣ አሕመድ ዓደዊያ የሚባል የካይሮ ዘፋኝ ተነሳ። የሰፈር ቋንቋ፣ የሰፈር ቀልድ ነው የሚዘፍነው፤ የመንግሥት ሬዲዮ አላጫውትም አለው። እሱ በካሴት ዞረ። ከጂቡቲ በሚመጣው ባቡር፣ ከጨርቅና ከሽቶ ጋር፣ ድሬ ገባ። እኔ አንዱን ካሴት አግኝቼ እያፏጨሁ ሱቁ በር ላይ ብደርስ ባለሱቁ፣ ያ ለጣቱ እንኳ የሚሳሳው ሰው፣ ሙሉ እጁን አንስቶ ከበሩ አባረረኝ። ሦስት ቀን አልሸጠልኝም። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም፤ እናንተም አትንገሩብኝ።

ለማንኛውም ለሥራዬ ዋጋ ቆረጥኩ። ገንዘብ አልፈልግም፤ በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ አብረሽኝ ትቀመጫለሽ፣ አንድ ዘፈን፣ ሙሉውን፣ ስልክሽ ትራሱ ሥር ሆኖ። ተስማማች። እሷ ሦስት ደቂቃ ተኩል መስሏት ነው።

ባለፈው ሐሙስ ቁጭ አልን። ቡና አፈላች፤ ይህን አልክድም፣ ጥሩ ታፈላለች። ቫዮሊኖቹ ተነሱ። አምስት ደቂቃ ሆነ። «ይሄ መግቢያው ነው?» አለች። ነው አልኳት። ስምንት ሆነ። እግሯን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጥፍሯን አየች። በመጨረሻ ሕዝቡ አጨበጨበና ሴትየዋ መጣች፤ አልተቆረጠችም፣ ህቅ አላለችም፣ በሙሉ ቁመቷ። የመጀመሪያዋን ስንኝ አለቻት። ደገመቻት። ሕዝቡ ጮኸ፤ ሠለሰቻት። አራተኛ ስትመለስ ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ኢንተርኔቱ የተያዘ መሰለኝ። ያንኑ ነው የምትለው።»

ጣቴን ቀሰርኩ። አስቤበት አይደለም፤ ራሱ ነው የተነሳው።

ልጄ ማማሰያ በእጇ እንደያዘች ከላይ ወረደች። ደረጃው ላይ ቆማ ሰማች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። «ቀንሱት፣ ስልክ ላይ ነኝ!» ብላ ተመልሳ ወጣች። ልጅቷ ግን አፏን ይዛ ጣቴን ታያለች፤ መቼ እንደሚወርድ እየጠበቀች ነው። ባለሱቁ ያን ሁሉ ሐሙስ እንዴት እንደቻለው አላውቅም፤ ክንዴ መዛል ጀምሯል፣ ሴትየዋ ደግሞ ገና ወደ ሁለተኛው ስንኝ አልገባችም።